በክረምት የተከፈተው የሕፃናት ማቆያ

ሰው ቆሞ ሲውል ይደክመዋል፤ እኔን የሚደክመኝ መቀመጥ ነው። አትሳቁብኝ። በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የዕቅድ ባለሙያ ሆኖ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ወገቡን ቢያመው ሸክም ተሸክሞ አይደለም፤ ስብሰባ ተቀምጦ ነው። የወረዳውን ስም ተዉት። ከቦንጋ ብዙም አይርቅም፣ ዝናብ አይለየውም፣ መንገዱ በየዓመቱ ይጠገናል፣ በየዓመቱ ይበላሻል። ከዚህ በላይ ከተናገርኩ የሚቀየመኝ ወዳጅ አለ።

ዘመኑ የግምገማና የአንድ ለአምስት ዘመን ነበር። ሰው ከሰው የሚገናኘው በአደረጃጀት ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው ቢያወሩ «ሰብሳቢያችሁ ማነው?» ሊባሉ ይችላሉ። አጋነንኩ መሰለኝ። ግን ብዙም አላጋነንኩም።

አንድ ቀን ታዲያ ከበላይ አዲስ አቅጣጫ መጣ። የሕፃናት የቅድመ ልጅነት እድገትና የእናቶች የአእምሮ ደህንነት በወረዳ ዕቅድ ውስጥ ይካተት ተባለ። ደስ አለኝ። የምሬን ነው። አጎበርና የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ልጅ ጨዋታና ስለ እናት ልብ ዕቅድ አውጣ ስባል እኔም እንደ ሰው የተቆጠርኩ መሰለኝ።

ደስታው ፎርማቱ እስኪደርስ ነበር። ፎርማቱ ላይ «መለኪያ» የሚባል ረድፍ አለ። የእናት ልብ በምን ይለካል? የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ተካልኝ መልካም ሰው ናቸው፤ ሰው ሲታመም ቀድመው ይጠይቃሉ፣ ለቅሶ አይቀሩም። ችግራቸው አንድ ነው፤ ባዶ ረድፍ ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ሰበሰቡንና ተከራከርን። አንዱ በፈገግታ ይለካ አለ። ፈገግታውን ማን ይቆጥራል ተባለ። ሌላው በዓመት ውስጥ ያልተጣሉ ባልና ሚስት ይመዝገቡ አለ። እሱማ ከሆነ ወረዳችን ከዞኑ መጨረሻ ይወጣል ተብሎ ተሳቀ።

በዚህ መሐል መሠረት እጇን አወጣች። መሠረት የአንዲት ሩቅ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፤ ከማንኪራ ወዲያ። ቀጭን፣ ችኩል፣ ቦት ጫማዋ ደርቆ የማያውቅ ልጅ። በእኔ ቀበሌ አንዲት እናት አለች፣ ስሟ ብርቱካን ነው ብላ ጀመረች። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ወዲህ አፏ ተዘግቷል። ብይ ሲሏት ትበላለች፣ ተነሽ ሲሏት ትነሣለች። ልጁን ታጠባዋለች፣ ግን አታየውም። ልጁም እንደ እናቱ ዝም ብሏል፤ አያለቅስም፣ አይስቅም። ጸሎት ተደርጎላታል፣ ጠበልም ወስደዋታል። ጅማ ሄዳ ትታይ ሲባል ባሏ ሚስቴን እብድ አላስብልም ብሎ እምቢ አለ። አማቷ እማማ አስካለ ደግሞ ቆርጠዋል። መስቀል ሲያልፍ ልጁን ሺሺንዳ ላገባችው ሴት ልጃቸው ይሰጡታል፤ ብርቱካንም ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች።

«እና ለእሷ ምን እናቅድላት?» አለች መሠረት።

አቶ ተካልኝ መነጽራቸውን አወለቁና እያዘኑ፣ ከልብ እያዘኑ፣ «መሠረት፣ አንድ ሰው እኮ ታርጌት አይሆንም» አሏት።

ከዚያ ራሳቸው ፈረዱ። ልጅ ማቆያ ይዋል። ልጇ ማቆያ የዋለላት እናት ቡናዋን በነጻነት ትለቅማለች። ቡናዋን የለቀመች ገቢ ታገኛለች። ገቢ ያገኘች እናት ደስ ይላታል። ስለዚህ መለኪያው «ያለ እናቱ ማቆያ የዋለ ሕፃን ብዛት» ይሁን። የምሳ ሰዓት አልፎብን ነበርና ሁላችንም ተስማማን። እኔም ጻፍኩ። መጻፍ ነው ሥራዬ።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በዚያ አገር ለቀማ ሲደርስ እናት ልጇን አዝላ ነው ጫካ የምትገባው፤ ማቆያ ቢኖር ወገቧ ያርፋል። ነገር ግን ቡናና በጀት አይተዋወቁም። ቡናው የሚቀላው በመስከረምና በጥቅምት ነው። በጀቱ የሚለቀቀው በግንቦት ነው። ሰኔ ሠላሳ ካላለቀ ደግሞ ተመላሽ ይሆናል፤ በጀት ያስመለሰ ኃላፊ በግምገማ ላይ ቆዳው ይገፈፋል። እኛም ተሯሯጥን። ከጤና ኬላው አጠገብ ያለውን አሮጌ መጋዘን አደስን። ምንጣፍ አነጠፍን፣ ኳስ ገዛን፣ ትንንሽ ወንበሮች አሠራን። ግድግዳው ላይ ዝሆን አሣልን። ሠዓሊው ከዋጫ የመጣ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ዝሆን በዓይኑ አይቶ ስለማያውቅ ግን ኩምቢ ያለው በሬ ሣለልን። በሰኔ ዝናብ መርቀን ከፈትነው። ቡናው ገና ጥሬ ነው። ለቃሚ የለም፣ ልጅም የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የኛ ውሻ የአምናው ጅብ ከሄደ በኋላ፣ የዘንድሮው ሳይመጣ ነው የጮኸው።

የባሰው ስልክ ሲደወል ነው። ገንዘቡን የሰጡት ሰዎች ከክልል ኃላፊዎች ጋር ሆነው ሐሙስ ማቆያውን ሊጎበኙ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ። አቶ ተካልኝ እኔንና መሠረትን ጠርተው ሐሙስ ማቆያው ልጅ ይሙላ አሉን። ከየት እናመጣለን ብንላቸው ልጅ የሌለበት ቀበሌ አለ ወይ ብለው መልሰው ጠየቁን።

መሠረት ቤት ለቤት ዞረች። ልጁን ብቻውን ለመንግሥት ቤት አሳልፎ የሚሰጥ አላገኘችም። ማንስ ይሰጣል? እናንተ ትሰጣላችሁ? እናቶቹ ግን «መንግሥት ከጠራማ አብረን እንመጣለን» አሉ። ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ አካባቢ አንዲት ሚስት ጎረቤቷ ቤት ገብታ ግማሽ ቀን ተቀምጣ ብትውል ባል ያጉረመርማል፣ አማት ታማለች። እንሰቱን ማን ይፋቀው፣ ውኃውን ማን ይቅዳው? «መንግሥት ጠርቶኝ ነው» ካለች ግን ማን ትንፍሽ ይላል? ለማዳበሪያ ተጠርታ ስትውል፣ ለሽንት ቤት ተጠርታ ስትውል ለምዷል። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት በዚያ ዶፍ፣ ላስቲክ ተከናንበው፣ ልጆቻቸውን አዝለው ማቆያውን ሞሉት። ብርቱካንም መጣች። እማማ አስካለ ናቸው የላኳት፤ መንግሥት ጠርቶ መቅረት አይገባም ብለው።

እንግዶቹ ቀሩ። መኪናቸውን ጭቃ ያዘውና ከመንገድ ተመለሱ። ለሚቀጥለው ሐሙስ ይዘጋጁ ተባለ። በሚቀጥለው ሐሙስ ድልድዩ ላይ ውኃ ሞላ። ከዚያ ወዲያኛው ሐሙስ አስቸኳይ ስብሰባ ገጠማቸው። ቀጥሎ ምክንያቱን መጠየቅም ተውን። አባቶቻችን ስለ ሰነበተ እንግዳ ብዙ ተርተዋል፤ በየሳምንቱ ስለሚቀር እንግዳ ግን የተረቱት ትዝ አይለኝም። አቶ ተካልኝ ግን ፍርሃታቸው ባሰባቸው። ድንገት ከች ቢሉስ? ስለዚህ ማቆያው በየሐሙሱ ልጅ እንዲሞላ፣ እኔም በየሐሙሱ እዚያ ተገኝቼ እንግዳ እንድቀበል ታዘዘ።

እስቲ አስቡት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር ሁሉ የሕፃን ወንበር ነው። እኔ ጎልማሳው፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ፣ ከዚያ ኩምቢያም በሬ ሥር ተቀምጬ የማይመጣ እንግዳ እጠብቃለሁ። ሴቶቹ በካፊኖኖ ያወራሉ። የኔ ካፊኖኖ የገበያ ካፊኖኖ ነው፤ ዋጋ ለመከራከር ይበቃል፣ ለሐሜት አያደርስም። መጀመሪያ ሰሞን ስላለሁ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ኋላ ከወንበሮቹ እንደ አንዱ ቆጠሩኝና ተዉኝ።

መሠረት ሥዕል ያለበት ማስተማሪያዋን ዘርግታ ታስተምራለች። ልጃችሁን አናግሩት፣ ዓይኑን እያያችሁ አውሩለት፣ የእናቱን ድምፅ ሲሰማ ነው አእምሮው የሚያድገው ትላለች። አንድ ሐሙስ ሴቶቹ ሳቁባት። ልጇን የማታናግር እናት ደግሞ የት አለች አሉ። ወዲያው ዓይናቸው በር አጠገብ ወደተቀመጠችው ወደ ብርቱካን ሄደና ሳቁ ተቋረጠ። እሷ ጉልበቷን ታያለች። ልጇ ጀርባዋ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ግድግዳውን ያያል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው ሰው ያንን ልጅ አላየውም።

ሴቶቹ ባዶ እጃቸውን አይቀመጡም። ቃጫ ይገምዳሉ፣ እህል ይለቅማሉ። እጇ ሥራ የያዘባት እናት ልጇን አጠገቧ ያለች፣ እጇ ባዶ የሆነ ሴት ጭን ላይ «እስቲ ያዥልኝ» ብላ ጣል ታደርገዋለች። ፈቃድ አይጠየቅም። ልማዳቸው ነው። ታዲያ ከሁሉም እጇ ባዶ ማን ናት? ብርቱካን። ሳይመካከሩ ሁሉም ልጃቸውን እሷ ጭን ላይ ይጥሉባት ጀመር። ምን ሆነሽ ነው ያላት የለም፤ አይዞሽ ያላትም የለም። አንዱን አንሥተው ሌላውን ያስቀምጡባታል። እሷም ትይዛለች። ልጅ ሲጣልባችሁ እንዴት አትይዙም?

ሐምሌ መሐል ላይ ይመስለኛል። ዘነበች የምትባል ድምፀ ጎርናና፣ ነገር የማይገዳት ሴት አለች። ወንድ ልጇ ወፍራም ነው፤ እሱን ለመያዝ ጉልበት ይጠይቃል። ብርቱካን ጭን ላይ ጣለችውና ወሬዋን ቀጠለች። ጥቂት ቆይቶ ከበሩ በኩል አንድ የማላውቀው ድምፅ፣ ሻካራ ድምፅ መጣ።

«ይሄ ልጅሽ አረጠበኝ። አንቺ እናቱ አይደለሽም እንዴ?»

ብርቱካን ናት። ይህቺን ያህል ካፊኖኖ እኔም አይጠፋኝም። ቃጫው በየእጁ ላይ ቆመ። ሁሉም ወደ ዘነበች ዞረ። ዘነበች እልል አላለችም፣ ተመስገን አላለችም፣ ዞራም አላየቻትም። ቃጫዋን እየገመደች «አንቺስ እጅ የለሽም? ልብሱን ቀይሪለት» አለቻት። ብርቱካን መለሰችላት። ዘነበችም መለሰችላት። ተጣሉ። በዚያ ልጅ ሽንት የተነሣ ጥሩ ጥል ተጣሉ፤ የዘነበች ልጅ ከዚያ በፊት የማንን እህት አርጥቦ እንደነበር ሁሉ ተነሣ። መሠረት ፊቷን ወደ ዝሆኑ አዙራ አለቀሰች። እኔም ዓይኔ ውስጥ ጉድፍ ገባ ልላችሁ ነበር። ጉድፍ አልገባም። አለቀስኩ።

በአንድ ሐሙስ ዳነች ብዬ አልዋሻችሁም። በሚቀጥለው ሐሙስ መጥታ እንደ ድሮዋ ጉልበቷን ስታይ ዋለች። በሌላው ሐሙስ ሁለት ቃል ተናገረች። አንድ ቀን ስለ አባቷ ቤት አወራች፤ አንድ ቀን ደግሞ ሳትታሰብ ስለ ምጧ አንሥታ ስታወራ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምጥ አወጡ። እኔ ያን ቀን ውጭ ወጥቼ ዝናብ ሳይ ቆየሁ፤ ወንድ የማይሰማው ነገር አለ። ነሐሴ ላይ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ፊቷን አሳየችው። እያየችው ወቀሰችው። ምን ብላ እንደወቀሰችው አልሰማሁም፤ ልጁ ግን መለሰላት። ትርጉም የሌለው፣ ምራቅ የበዛበት መልስ ነው።

መስከረም ሲጠባ እማማ አስካለ ራሳቸው መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። ልጁን ሊወስዱ ነው ብለን ደነገጥን፤ መሠረት እንደውም ሁሉ ነገር ያበቃ ይመስል ሥዕሎቿን መሰብሰብ ጀመረች። ብርቱካን አማቷን አላየቻቸውም። ከዘነበች ጋር ክርክር ይዛለች፤ ልጇ ፀጉሯን በሁለት እጁ ይዞ እየጎተተ ይስቃል። አሮጊቷ ቆመው ቆመው፣ የያዙትን ሰፌድ አወረዱና እህል እየለቀሙ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሲወጡ መሠረት እየፈራች ስለ ሺሺንዳ ጠየቀቻቸው። «ልጄ፣ የሺሺንዳ መንገድ ጭቃ ነው» አሏት። መስቀል አለፈ፣ መንገዱም ደረቀ፤ ሺሺንዳን ዳግም ያነሣት የለም።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ጥሩ ነበር። ግን ግምገማ አለ።

በግምገማው ዕለት የኛ ማቆያ ተነሣ። ያለ እናቱ የዋለ ሕፃን ስንት ነው ተባለ። አንድም የለም። ቀይ ተሰጠን። እኔ ተነሥቼ ስለ ብርቱካን ተናገርኩ። ስለ ልጁ፣ ስለ አማቷ፣ ሁሉንም። አዳራሹ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። አቶ ተካልኝ ደግሞ ዓይናቸው እርጥብ ሆኖ ነበር፤ አልክዳቸውም። ኋላ ግን ፎርማቱን ከላይ እስከ ታች አዩና በጣም በደከመ ድምፅ «ደምሴ፣ መልካም ነገር ነው። ግን የት ላስገባው?» አሉኝ። እውነትም የሚገባበት ረድፍ አልነበረውም።

ስለዚህ እጥረታችን ተለየ። ማቆያው ያለ ወቅቱ በመከፈቱ እናቶች ሥራ ፈትተው ሲያወሩ ውለዋል ተባለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ የተረተብንም አለ። መፍትሔም ተቀመጠ፤ በክረምት ይዘጋ፣ በለቀማ ይከፈት፣ እናት በሩ ላይ ልጇን አስረክባ ትሂድ። ስህተታችንን አረምን። በሥራ ዘመኔ ሙሉ አንድ ነገር ቢሳካልን በስህተት ነበር፤ እሱንም ላንደግመው ቃል ገባን።

ለቀማው ደረሰ፣ ማቆያው ተከፈተ፣ ሰው አልመጣም። እናቶቹ እንደ ልማዳቸው ልጃቸውን አዝለው ጫካ ገቡ፤ አያት ያላትም ለአያት ትታ ሄደች። የብርቱካንን ልጅ እማማ አስካለ ይዘውት ዋሉ። እና እንግዶቹ መቼ መጡ መሰላችሁ? በኅዳር። በዚያ ፀሐይ፣ በደረቅ መንገድ፣ አቧራ እያስነሡ ከች አሉ። አቶ ተካልኝ ይህን ጊዜ ተዘጋጅተዋል። የመሥሪያ ቤታችንን ሠራተኞች ልጆች በሚኒባስ ጭነው አመጡ። ያለ እናቶቻቸው ናቸው፤ መለኪያው ሞልቷል። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ያለቅሳሉ። አንደኛው እንግዳ እናቶቻቸው የት ናቸው ብሎ ጠየቀ። ሥራ ላይ ናቸው ተባለ። ውሸት አይደለም፤ ሁለቱ የጽሕፈት ቤታችን ገንዘብ ያዦች ናቸው። እንግዳው ደስ አለው፣ ከዝሆኑ ጋር ፎቶ ተነሣ፣ እኛም አረንጓዴ አገኘን።

በቀጣዩ ሰኔ ለስብሰባ ቦንጋ ገብቼ ገበያ ውስጥ ሳልፍ አንዲት ሴት ጋሼ ብላ ጠራችኝ። ብርቱካን ናት። ማር ይዛ መጥታለች። ልጁ ጀርባዋ ላይ ነው፤ አድጓል፣ ከባድ ሆኗል፣ አፉ አያርፍም። ለላሟም፣ ለመኪናውም፣ ለኔም ባርኔጣ በየተራ ስም ያወጣላቸዋል። ጤንነቴን ጠየቀችኝ፣ ቤተሰቤን ጠየቀችኝ። ከዚያ ማቆያው ለምን እንደተዘጋ ጠየቀችኝ። ክረምት ስለሆነ ነው አልኳት። ገባኝ እንደማለት ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳልገባት ግን ያስታውቃል።

አንዲት ጎረቤት አለችኝ አለች፤ በፋሲካ የወለደች። ዝም ብላለች። ልክ እንደኔ ነው ዝም ያለችው። ቤቴ ነይ ብዬ ባስጠራት ባሏ ሥራ ፈት ሴቶች ጋ አትሄድም ብሎ ከለከላት። ዘነበችም ሄዳ ለመነችው፣ አባረራት። መንግሥት ከጠራት ብቻ ነው የሚለቃት። መሠረት ብትጠራትስ አልኳት። መሠረት ሌላ ቀበሌ ተዛውራለች አለች፤ አዲሷ ልጅ ያለ ትእዛዝ ሰው አትጠራም።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ትእዛዙን የሚያወጡትን አውቃለሁ፤ ከእነሱ ጋር ነው ተቀምጬ የምውለው። ብርቱካን ልጇን ወደ ላይ አስተካክላ አዘለችውና ጠጋ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት በዝግታ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮስ የማይመጡ እንግዶች የሏችሁም?»